የጭቃ ከተማ፣ የጭቃ ሶፍትዌር

የሶፍትዌር ሰዎች ለተዝረከረከ ሥራ ያወጡለት ስም አለ፤ «ትልቅ የጭቃ ድቡልቡል» ይሉታል። ስሙ እንዲታወቅ ያደረጉት ብራያን ፉት እና ጆሴፍ ዮደር የተባሉ ሁለት ሰዎች በ1997 ባቀረቡት ጽሑፍ ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ የፈረንጅ ናቸው፤ የእኛ ሲሆን እንነግራችኋለን።) ጭቃ ያሉት ፕላን ሳይወጣለት ያደገውን፣ ሲቸግር እየተለጠፈ፣ ሲቀደድ እየተጣፈ የኖረውን፣ የቱ ክፍል ከየቱ ጋር እንደተያያዘ ማንም በቅጡ የማያውቀውን ፕሮግራም ነው። ከምን ጋር እንዳመሳሰሉት ደግሞ ገምቱ። ከደሃ ሰፈር ጋር!

አዲስ አበባ ያደግን ልጆች ይህን ስናነብ መጀመሪያ ቆጣ ማለታችን አልቀረም። ከመሀላችን ጭቃ ቤት ያልኖረ ወይም አያቱን ጭቃ ቤት ሄዶ ያልጠየቀ የለም። እንጨቱ ቆሞ፣ ማገሩ ተማግሮ፣ ጭቃው ከጭድ ጋር ተቦክቶ የተመረገ ቤት ምን እንደሆነ እናውቃለን። ጽሑፉን እስከ መጨረሻው ስንዘልቀው ግን ሰዎቹ ለስድብ ብቻ እንዳልመጡ ገባን። ጥያቄያቸው እንዲህ ነው፦ ሁሉም የሚሰድበው ነገር ለምን ይህን ያህል በዛ? ጭቃው ምን ቢጠቅም ነው ሁሉም የሚመለስበት?

የዛሬው ወሬያችን ከዚህ ይነሳል። ከተማ የሚያቅዱ ሰዎችና ድረ ገጽ የሚገነቡ ሰዎች የሚያስጨንቃቸው ነገር አንድ ነው። ሁለቱም ሌላ ሰው ገብቶ የሚኖርበትን ነገር ይሠራሉ፤ ሁለቱም ሠርተው አይጨርሱም። ኮድ የሚጽፉት ከከተማ ብዙ ተምረዋል፤ በተለይ ደግሞ ያለውን ሁሉ ባንዴ አፍርሶ ከዜሮ መጀመር ምን ያህል እንደሚያስከፍል በኪሳቸው ተምረዋል። የእኛ ከተማ ይህን ትምህርት መልሳ ብትበደር ጥሩ ነው እንላለን። አቋማችን ይኸው ነው፤ ከዚህ በታች ያለው ምክንያታችን ነው።

ከተማ ዛፍ አይደለም

ሁለቱን ሙያዎች ያዛመደው ክሪስቶፈር አሌክሳንደር የሚባል አርክቴክት ነው። ቪየና ተወልዶ እንግሊዝ አገር አደገ፤ ለብዙ ዓመታት በርክሌይ በሚገኘው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ አስተማረ። በ1965 «ከተማ ዛፍ አይደለም» የሚል ጽሑፍ አወጣ። ዛፍ ሲል ባሕር ዛፍ ማለቱ አይደለም። ግንድ ቅርንጫፍ ያወጣል፣ ቅርንጫፍ ቅጠል ያወጣል፤ አንዱ ቅጠል የአንድ ቅርንጫፍ ብቻ ነው። የፕላን ሰው ከተማን ሲያስብ እንዲህ ይቀናዋል፤ መኖሪያው እዚህ፣ ገበያው እዚያ፣ መሥሪያ ቤቱ ወዲያ። በወረቀት ላይ ያምራል። በራሱ ጊዜ ያደገ ከተማ ግን እንዲህ አይደለም፤ ሁሉ ነገር ከሁሉ ጋር ይደራረባል።

የሰጠው ምሳሌ ቀላል ነው። በርክሌይ አንድ መንገድ ጥግ ላይ መድኃኒት ቤት አለ። በሩ አጠገብ የጋዜጣ መደርደሪያ፣ ከፊቱ የትራፊክ መብራት አለ። መብራቱ ቀይ ሲሆን ሰው ይቆማል፤ ቆሞ ሳለ ጋዜጣውን ያያል፤ አንዳንዱም ይገዛል። መብራቱ የትራፊክ ነው፣ ጋዜጣው የንግድ ነው፤ ግን አብረው ነው የሚሠሩት።

እስቲ ወደ እኛ እናምጣው። የማታ የታክሲ ሰልፍ አለ። ሰልፉ አጠገብ አንዲት እናት ጉሊት ዘርግተው ቲማቲምና ቃሪያ ይሸጣሉ። ከሥራ የሚገባው ሰው ሰልፍ ላይ እንደቆመ የማታውን ይሸምታል። ፕላኑ ላይ የታክሲው ቦታ «ትራንስፖርት» ተብሎ ተጽፏል፤ ጉሊቱ ግን ጨርሶ የለም። የታክሲውን ተራ 200 ሜትር ብታርቁት ትራንስፖርቱ ምንም አልሆነም፤ የሴትየዋ ገበያ ግን ጠፋ። ማን ነው ያጠፋው? ማንም! ዛፉ ላይ ስላልነበረ አልታየም።

በ2015 ሥራ የጀመረውን የአዲስ አበባ ቀላል ባቡርንም በዚህ ዓይን እዩት። ሁለቱ መስመሮች ከ30 ኪሎ ሜትር በላይ ይሆናሉ። እንደ ትራንስፖርት ብቻ ካያችሁት ከተማዋን ያገናኛል። መሬት ለመሬት በሚሄድበት ቦታ ሁሉ ግን ግራና ቀኙ ታጥሯል፤ ድሮ ከቤት ወጥቶ ማዶ ያለው ሱቅ ለመድረስ አስፋልት መሻገር ይበቃው የነበረ ሰው ማቋረጫ ፍለጋ ዙሮ መሄድ ግድ ሆነበት። ሩቁን ሲያገናኙ ቅርቡን ቆረጡት። የሶፍትዌር ሰዎች ይህ በሽታ ሥራቸው ላይ በየጊዜው ያጋጥማቸዋል። አንድ ትልቅ ክፍል መሀል ላይ ይተክላሉ፤ ከዚያ ሌላ ቦታ፣ ማንም ያልጠረጠረው ትንሽ ነገር መሥራት ያቆማል።

ድርም በዛፍ ሊታቀድ ተሞክሮ ነበር። ጄሪ ያንግ እና ዴቪድ ፋይሎ የስታንፎርድ ተማሪዎች ሳሉ በ1994 ያሁ የሚባለውን ማውጫ ጀመሩ። ድረ ገጾችን በሰው እጅ እየለዩ በየቅርንጫፉ ይሰቅላሉ፤ መዝናኛ፣ ከእሱ ሥር ሙዚቃ፣ ከእሱ ሥር ሌላ። አሁን ስለ ቡና ታሪክ የሚያወራ ገጽ ቢመጣ የት ይሰቀል? ግብርና? ታሪክ? ምግብ? ኢትዮጵያ? ከአንዱ ቅርንጫፍ ወደ ሌላው የሚመራ ምልክት እየጨመሩ ቢያስታምሙትም ድሩ ከዛፉ በላይ አደገ። በ1998 የተቋቋመው ጉግል ሌላ መንገድ መረጠ። ማንም የት ይቀመጥ ብሎ አልደረደረም፤ ሰዎች ራሳቸው ከገጽ ወደ ገጽ የዘረጉትን ሊንክ አነበበ። እግረኛ በሣር ሜዳ ላይ የረገጣትን ቀጭን መንገድ አይቶ እዚያው አስፋልት እንደማፍሰስ ማለት ነው። የያሁ ማውጫ በ2014 መጨረሻ ተዘጋ።

የአሌክሳንደር ነገር በዚህም አላበቃም። በ1977 ከባልደረቦቹ ጋር ባወጣው መጽሐፍ የጥሩ ሰፈርና የጥሩ ቤት ዘዴዎችን አንድ በአንድ ዘርዝሯል። በ1987 ኬንት ቤክ እና ዋርድ ከኒንግሃም የተባሉ ፕሮግራመሮች ይህን ሐሳብ ወደ ሶፍትዌር አመጡት። ከኒንግሃም በ1995 ደግሞ ፕሮግራመሮች እነዚህን ዘዴዎች አብረው እንዲጽፉ ብሎ ማንም ገብቶ ሊያርመው የሚችል ድረ ገጽ ሠራ፤ ዊኪ አለው። ዛሬ ለቤት ሥራ የምንሸመድደው ዊኪፔዲያ የዚያ ልጅ ነው። ነገሩ ከቤት ሠሪ ነው የመጣው ማለት ነው፤ ሐሳቡም «ኗሪው ራሱ ይሥራው» የሚል ነበር።

ለጊዜው የተባለ ነገር

አዲስ አበባ ዋና ከተማ ትሁን ተብላ ማስተር ፕላን ወጥቶላት አልተቆረቆረችም። እቴጌ ጣይቱ በ1886 ፍል ውኃ አጠገብ ቤት አሠሩ፤ ቤተ መንግሥቱ ከእንጦጦ ወረደ፤ መኳንንቱ በየኮረብታው ቦታ ተሰጣቸው፤ አሽከሩና ወታደሩ ዙሪያቸውን ሠፈረ። ሰፈር የሚለው ቃል ራሱ ከመስፈር ነው የመጣው። በመሀል ባዶ የነበረው ቦታ ቀስ በቀስ ሞላ። እንጨት ያለቀ ጊዜማ አፄ ምኒልክ ወደ አዲስ ዓለም ሊሄዱ አስበው ነበር፤ ባሕር ዛፍ ደርሶ ነው ከተማዋ የተረፈችው። በሶፍትዌር ቋንቋ አዲስ አበባ «ፕሮቶታይፕ» ነበረች፤ ለሙከራ የተሠራች፣ ሰው ስለገባባት የቀረች።

ድሩም እንዲሁ ነው። ዛሬ የምትከፍቱት ድረ ገጽ ሁሉ ማለት ይቻላል ውስጡ ጃቫስክሪፕት አለ። ብሬንዳን አይክ በግንቦት 1995 ኔትስኬፕ ኩባንያ ውስጥ በ10 ቀን ጥድፊያ የጻፈው ቋንቋ ነው። «ምንም» የሚለውን ነገር ምን ዓይነት ነህ ብላችሁ ብትጠይቁት «ዕቃ ነኝ» ብሎ ይመልሳል። ስሕተት ነው፤ ስሕተት መሆኑንም ሁሉም ያውቃል። ግን ቢታረም በላዩ የቆሙ የድሮ ገጾች ይበላሻሉ ተብሎ እስከ ዛሬ እንዳለ ተትቷል። አያችሁ፣ ትልቁ የድር መሠረት እንኳ በውስጡ የሚኖሩትን ላለማፈናቀል ስሕተቱን ተሸክሞ ይኖራል።

ፕላን በሞላበት ዓለም አዲስ አበባም ፕላን አጥታ አታውቅም። ጣሊያን አዲስ አበባን በያዘበት ዓመት፣ በ1936፣ ሌ ኮርቡዚየ የተባለው ዝነኛ አርክቴክት የነበረውን ከተማ እንደሌለ ቆጥሮ ሰፋፊ መንገድ ያሰመረበትን ንድፍ ሠርቶ ለሙሶሊኒ ጽፏል። ከዚያ የጣሊያኖቹ የጉዊዲ እና የቫሌ ፕላን መጣ። በ1956 የለንደንን ፕላን ያወጡት እንግሊዛዊው ፓትሪክ አበርክሮምቢ፣ በ1965 ፈረንሳዊው ደ ማሪያን እያለ ቀጠለ። ከሁሉም ቁርጥራጭ ቀርቷል፤ ከማዘጋጃ ቤቱ ቁልቁል ወደ ለገሀር የሚወርደው የቸርችል ጎዳና አንዱ ነው። ሌላው ግን በፕላኖቹ መሀል ባለው ክፍተት ሰው ራሱ የሠራው ነው።

ጭቃው ለምን ጭቃ ሆኖ ቀረ?

እዚህ ላይ ጭቃ ቤት ገነት ነው ልንል እንዳልሆነ እወቁልን። ስምንት አባወራ በአንድ ሽንት ቤት የሚሰለፍበትን ግቢ፣ ክረምት ሲገባ ጣሪያው ሥር ባልዲ የሚደረደርበትን ቤት እናውቃለን። «ቅርስ ነው፣ አይነካ» የሚል ሰው አብዛኛውን ጊዜ እዚያ የማያድር ሰው ነው።

ጥያቄው ለምን እንዲህ ሆነ ነው። ያው ከኒንግሃም በ1992 የሶፍትዌርን ችግር በዕዳ መስሎ አስረዳ። ዛሬ ለመቸኮል ብለህ የተወሃትን ነገር ነገ ካልመለስክባት ወለድ ትወልዳለች፤ በመጨረሻ ሥራህ ሁሉ ወለድ መክፈል ይሆናል አለ። አሁን ወደ ቀበሌ ቤት እንምጣ። ደርግ በሐምሌ 1967 ዓ.ም. (1975) ባወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሆነ። ወር ኪራያቸው ከ100 ብር ያልበለጠ ቤቶች በቀበሌ እጅ ገቡ። ኪራዩ ወርዶ እዚያው ቆመ። ቀበሌው በዚያ ኪራይ ቤት ማደስ አይችልም። ተከራዩ ደግሞ ቤቱ የእሱ ስላልሆነ ያለ ፈቃድ ቆርቆሮ መቀየር እንኳ አይችልም። እንግዲህ ግማሽ ምዕተ ዓመት ሙሉ ማን ይጠግነው?

ጭቃ ቤት ዋናው ጥበቡ መጠገኑ ነው። በየዓመቱ ከክረምት በኋላ የተሰነጠቀው ይመረጋል፤ ምርጊቱን ባለቤቱና ጎረቤቱ ያውቁታል። መጠገን የተከለከለ ጭቃ ቤት ግን ይፈርሳል። ኮድም እንዲሁ ነው። ጸሐፊው ከሥራ ለቋል፣ የሚነካው ሰው «የእኔ አይደለም» ይላል፣ አለቃው «እስከሠራ ድረስ አትንኩት» ይላል፤ በሰባት ዓመቱ ጭቃ ተብሎ ይሰደባል። የሰፈሩ ድህነት የነዋሪው ስንፍና ነው የሚል ሰው የማን ዕዳ እንደሆነ ደብተሩን ገልጦ ይይ።

አፍርሶ ከዜሮ መጀመር

ፕሮግራመር ሁሉ አንድ ፈተና ያጋጥመዋል ይላሉ፤ «ይሄን ጥዬ እንደ አዲስ ልጻፈው» የሚል። የኔትስኬፕ ኩባንያ በዚህ ፈተና ወድቋል። በ1990ዎቹ አጋማሽ ድርን ለዓለም ያስተዋወቀው ብሮውዘር የእሱ ነበር። አራተኛው እትም በ1997 ወጣ። በ1998 አሮጌውን ኮድ ትተው ከመሠረቱ ሊጽፉ ወሰኑ። ቀጣዩ እትም ቁጥር 6 ተብሎ የወጣው በኅዳር 2000 ነው፤ ቁጥር 5 ጨርሶ ሳይወጣ ቀረ። በእነዚያ ከሦስት ዓመት በላይ በሆኑ ጊዜያት ተጠቃሚው ቁጭ ብሎ አልጠበቀም፤ የማይክሮሶፍት ኢንተርኔት ኤክስፕሎረር ገበያውን ጠቀለለው። እርግጥ ከዚያው አዲስ ኮድ በ2004 ፋየርፎክስ ተወልዷል፤ አዲሱ ቤት መጥፎ አልነበረም። ቤቱ ሲያልቅ ግን የድሮው ባለቤት በሕይወት አልነበረም።

ጆኤል ስፖልስኪ የሚባል የሶፍትዌር ሰው በ2000 ይህን አንስቶ የጻፈው ለከተማም ይሆናል። ሐሳቡ ባጭሩ እንዲህ ነው፦ አሮጌ ኮድ ውስጥ የሚያስጠሉት እነዚያ ጠማማ መስመሮች አብዛኞቹ ጥገና ናቸው። አንዱ ሰው ኮምፒዩተሩ ሲበላሽበት የተጨመረ ነው፤ ሌላው ደካማ ኢንተርኔት ላለው የተጨመረ ነው። ስትጥለው እነዚያን ሁሉ ዓመታት የተገኘ ዕውቀት አብረህ ትጥላለህ።

ጠማማ ቅያስ ስናይም እንዲህ እናስብ። ያቺ ጠምዘዝ ያለች መንገድ የጎርፍ መውረጃ እንዳትዘጋ ብላ ይሆናል። ያቺ ከአጥር ውጭ የወጣች ሱቅ ልጅ ያላሳደጉ አሮጊት በዱቤ ደብተር የሚኖሩባት ትሆናለች። በፕላን ላይ «ሕገ ወጥ ግንባታ» ናት፤ በሰፈሩ ላይ ጥገና ናት።

ባዶ ሜዳ ላይ ከዜሮ መጀመርም ቢሆን ከዚህ አያመልጥም። ብራዚል በሉሲዮ ኮስታ ፕላንና በኦስካር ኒማየር ሕንፃዎች የሠራቻት ብራዚሊያ በኤፕሪል 1960 ተመረቀች። ከላይ ሲያዩዋት አውሮፕላን ትመስላለች፤ ሁሉም ነገር ቦታ ቦታ አለው። ከሰዎቹ ቦታ ያልነበራቸው የሠሯት ግንበኞች ናቸው። ለእነሱ ታጉዋቲንጋ የተባለች የሳተላይት ከተማ የተመሠረተችው በ1958 ነው፤ ዋናይቱ ከመመረቋ ሁለት ዓመት በፊት። ፍጹም ተብሎ የታቀደው ከተማ ሳያልቅ ያልታቀደው ቀድሞት ደረሰ።

ታዲያ አሮጌ ሲስተም ዝም ብሎ ይኑር? አይደለም። ማርቲን ፋውለር የሚባል የሶፍትዌር ሊቅ በ2004 ሌላ መንገድ ጠቆመ። አውስትራሊያ ኩዊንስላንድ ጫካ ውስጥ ከሾላና ከዋርካ ዘመድ የሆነ ዛፍ አይቷል። ዘሩ ሌላ ዛፍ ላይኛው ቅርንጫፍ ላይ ያርፋል፤ ሥሩን ቀስ እያለ ወደ መሬት ይሰዳል፤ ዓመታት አልፈው አሮጌው ዛፍ ሲሞት አዲሱ በራሱ ቆሞ ይገኛል። ሶፍትዌርንም እንዲህ ቀይሩት አለ። አንዷን ክፍል አዲስ ሥሩ፣ መሥራቷን እዩ፣ ተጠቃሚውን ወደ እሷ አሻግሩ፣ አሮጌዋን ከዚያ ዝጉ፤ ቀጥሎ ሁለተኛዋን። ዛሬ ትልልቅ ሲስተም የሚቀይሩ ብዙ ድርጅቶች የሚከተሉት ይህንን ነው። የሚዘጋው ክፍል ላይ ሰው እያለ አይዘጋም።

ለገሀር እና የጠፉ ገጾች

ወያላው «ለገሀር! ለገሀር!» ሲል ፈረንሳይኛ እየተናገረ መሆኑን ስንቶቻችን እናስተውላለን? «ላ ጋር»፣ ባቡር ጣቢያ ማለት ነው። የድሮው የጂቡቲ ባቡር ካቆመ ቆይቷል፤ ስሙ ግን ሰው ያደርሳል። ካዛንቺስም በጣሊያን ጊዜ ለመንግሥት ሠራተኞች ቤት የሠራው ድርጅት ስም ነው። ቤት ቁጥር እምብዛም በማይሠራበት ከተማ አድራሻችን ይህ ነው፤ «ከእንትና ሕንፃ ጀርባ፣ ከወፍጮ ቤቱ ዝቅ ብሎ» እያልን ነው የምንኖረው። የእኛ ሊንክ የሰው ትዝታ ነው።

የድር አባት ቲም በርነርስ ሊ በ1998 ለድረ ገጽ ሠሪዎች አንድ ምክር ጽፎላቸዋል፤ የገጽ አድራሻ መቀየር የለበትም የሚል። የሰማው ጥቂት ነው። ፒው የተባለው የአሜሪካ የጥናት ተቋም በ2024 ባወጣው ጥናት በ2013 ከነበሩ ድረ ገጾች 38 በመቶው ከአሥር ዓመት በኋላ አይገኙም። ጂኦሲቲስን የሚያስታውስ ታላቅ ወንድም ካላችሁ ጠይቁት። በ1990ዎቹ ተራ ሰው ነፃ ቦታ ወስዶ ገጹን የሚሠራበት ነበር፤ ቦታዎቹም በሰፈር በሰፈር የተከፋፈሉ፣ ከነቤት ቁጥራቸው። ያሁ በ1999 ገዛው፤ በጥቅምት 2009 ዘጋው። የሚሊዮኖች ገጽ ነበር። በጎ ፈቃደኞች ከመዘጋቱ በፊት ተሯሩጠው ገልብጠው ብዙውን አተረፉ።

ያተረፉት መገልበጥ ስለሚቻል ነው። አሁን ወደ ቤታችን እንመለስ። በ2016 ዓ.ም. (2024) በኮሪደር ልማት የፒያሳና የአራት ኪሎ አሮጌ ሰፈሮች ፈረሱ፤ በ2017 ዓ.ም. መግቢያ ካዛንቺስ ተከተለ። ሰፊ የእግረኛ መንገድ፣ የብስክሌት መስመር፣ መብራት መጥቷል፤ ደስ ይላል፣ እኛም እንሄድበታለን። ነገር ግን ለአንድ ቤተሰብ ከተማ ዳር ቤት ቢሰጠው እንኳ ቤት ብቻ ነው የተሰጠው። የእድሩ ድንኳን የት ነው? የእቁብ ሰብሳቢዋ የት ደረሱ? የማኅበሩ ጠበል ጠዲቅ ማን ቤት ነው? የዱቤ ደብተሩ ከማን ጋር ሄደ? እነዚህ አንድ ቅርንጫፍ ላይ የተሰቀሉ ቅጠሎች አይደሉም። አንዱ ሰው ከእድሩ ጋር በአንድ በኩል፣ ከእቁቡ ጋር በሌላ በኩል፣ ከሱቁ ጋር በሦስተኛው ይያያዛል። ሰውየውን ነቅላችሁ ሌላ ቦታ ስትተክሉት ሊንኮቹ ሁሉ ባዶ ገጽ ያሳያሉ።

ንጽጽሩ የሚቆምበት ቦታ

ከተማንና ሶፍትዌርን ያመሳሰልነው እስከዚህ ድረስ ነው፤ ከዚህ በኋላ ይለያያሉ። ኮድ ቢጣል አያለቅስም። ሲስተም ቢበላሽ ወደ ትናንቱ ይመለሳል፤ ቅጂው አለ። የ70 ዓመት እናት በማያውቁት ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ከተቀመጡ በኋላ «ይቅርታ፣ ትናንት ወደነበርንበት እንመልስዎ» ማለት የለም። ስለዚህ ጥንቃቄው ለኮድ አንድ ከሆነ ለሰው አሥር መሆን ነበረበት። እኛ የምናየው ግን ተቃራኒውን ነው። አንድ ድርጅት የክፍያ ሲስተሙን ሲቀይር ለወራት ይሞክራል፣ አሮጌውን ጎን ለጎን ያቆያል፣ ደንበኛ እንዳይቋረጥ ሌሊት ይሠራል። ሰፈር ሲቀየር ግን ይህ ሁሉ ጣጣ የለም።

የምንጠይቀው ከኮምፒዩተር ሰዎች ያነሰ ጥንቃቄ እንዳይሆን ነው። አንደኛ፣ አዲሱ ቤት ቆሞ፣ ውኃው መጥቶ፣ ትምህርት ቤቱ ተከፍቶ ሳይታይ አሮጌው አይፍረስ። ሁለተኛ፣ ሰፈር በቁራጭ በቁራጭ ይለወጥ፤ የመጀመሪያው ቁራጭ ነዋሪ እዚያው አዲሱ ሕንፃ ውስጥ ይግባ፣ ከእሱ ተምረን ሁለተኛውን እንሥራ። ሦስተኛ፣ ፕላኑ ክፍት ይሁን፤ የሚኖርበት ሰው ቤቱ ላይ ቀለም ከመቀባቱ በፊት ሳይሆን ግሬደሩ ከመምጣቱ ከብዙ ጊዜ በፊት ይየው፣ «እዚህ ጋ ጎርፍ አለ» ብሎ ያርመው። አራተኛ፣ መነሳት የግድ ከሆነ እድር ከነእድርተኛው አብሮ ይነሳ፤ ቤት በዕጣ ሲበተን ሰዉ እንዳይበተን። አምስተኛ፣ ስሙ ይቅር። አዲሱ ሕንፃ ምንም ይባል፣ ሰፈሩ ግን በስሙ ይጠራ።

ይህ ሁሉ ጊዜ ይፈጃል የሚል ይኖራል። ይፈጃል። ኔትስኬፕም ይፈጥናል ብሎ ነበር ከዜሮ የጀመረው።

ፉት እና ዮደር ጭቃ ሶፍትዌር የበዛው ሰዉ ሰነፍ ስለሆነ ነው አላሉም። ጊዜ አጥሮ፣ ገንዘብ አጥሮ፣ ሰው ግን ዛሬውኑ መጠለያ ሲፈልግ በእጅ ያለው ነገር ጭቃ ስለሆነ ነው ያሉት። የእኛ አያቶችም ያደረጉት ይህንኑ ነው፤ ማንም ፕላን ሳያወጣላቸው በእጃቸው ባለው ነገር ከተማ ሠሩ። እናንተ ቀን ቢሮ ውስጥ አሮጌ ኮድ ስታስታምሙ የምትውሉ፣ ማታ በፈረሰ ሰፈር በኩል ወደ ቤት የምትገቡ ልጆች፣ ይህን ከእኛ በላይ ታውቁታላችሁ። ማዘጋጃ ቤት የሚሠራ ዘመድ ካላችሁ ደግሞ ለሲስተም እንዴት እንደምትጠነቀቁ ንገሩት። ከዚያም ለሰው ለምን ያነሰ ጥንቃቄ እንደሚበቃ ጠይቁት።